ዜና ሙሐመድ ሴጊሪንያ፥ እንደራሴ ዘካዌምፔ

የኡጋንዳው ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒ በጥር ወር 1978 ዓ.ም. ዋና ከተማዪቱን ካምፓላን በጦር ኃይል ይዘው በመንበረ ሥልጣን ከተቀመጡ ሠላሳ አምስት ዓመት በሆነ ጊዜ፥ በከተማይቱ ሰሜን፥ በካዌምፔ፥ በካሌርዌ ገበያ ቸርቻሪዎችና በቦዳቦዳ (በኪራይ ሞተር ብስክሌት) ነጂዎች መካከል ሙሐመድ ሴጊሪንያ የሚባል ጎልማሳ ነበረ፤ ከድኃ ወገን ወጥቶ የድኃውን ብሶት በአደባባይ ይናገር ስለ ነበር በሠፈሩ በቼባንዶ ስም «የቼባንዶ ድምፅ» ይባል ነበር። አስቀድሞ በከተማው ምክር ቤት አገለገለ፤ ጥር 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተዘግቶ በተደረገው ምርጫም በተቃዋሚው መሪ በሮበርት ቻጉላኒ ወገን ተሰልፎ የካዌምፔ ሰሜን እንደራሴ ሆነ።

በዚያው ዓመት ክረምት በማሳካ ከተማና በአካባቢዋ ገጀራ የያዙ ነፍሰ ገዳዮች በሌሊት እየገቡ ከ20 የሚበልጡ ሰዎችን፥ ይልቁንም አረጋውያንን፥ በየቤታቸው ፈጇቸው። ስለዚህ ንጹሕ ደም እውነተኛ ምርመራ ይገባ ነበር፤ መንግሥት ግን ጳጉሜን 2 ቀን ሴጊሪንያንና የማኪንድዬ ምዕራብን እንደራሴ አለን ሴዋንያናን አሰረ፤ በነፍስ ግድያም ከሰሳቸው። ሁለቱም እጃችን የለበትም አሉ። ዳኛ በዋስ እንዲወጡ ቢፈቅድም፥ መስከረም 17 ቀን 2014 ዓ.ም.፥ እኛ በካምፓላ በካንሳንጋ ሠፈር ያለን ኢትዮጵያውያን በዓለ መስቀልን ስናከብር በዋልንበት ዕለት፥ ሴጊሪንያ ከኪጎ ወህኒ ቤት ደጃፍ ገና ብቅ ሲል የታጠቁ ሰዎች እያዳፉ መልሰው ወሰዱት። የዳኛ ቃል በወህኒው በር ላይ በጠመንጃ ሲሻር ማየት ከትውልድ አገራችን የምናውቀውን መከራ አስታወሰን።

ከዚያ በኋላ ዋስትና ቢለምን እየተከለከለ፥ እንደተሠቃየና እንደታመመም ለችሎት እየተናገረ፥ እስከ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ታስሮ ቆየ። ከወጣም በኋላ ጤናው አልተመለሰም፤ በናይሮቢና በሆላንድ ቢታከምም፥ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ ቤተ ክርስቲያናችን ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስን በምታስብበት ዕለት፥ በሩባጋ ሆስፒታል ዐረፈ። በሠፈራችን በጋባ መንገድ፥ በእንጀራ ቤቶቻችን ፊት ተሳፋሪ የሚጠብቁት የቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን አጥፍተው ዜናውን ከአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስበው ሰሙት።

ሳይፈረድበት አሥራ ሰባት ወር መታሰሩ ራሱ ቅጣት ነበር፤ ይህን ያደረጉትም ሊጠየቁበት ይገባል። ሴጊሪንያ በማሳካ ተቀበረ፤ ንጹሕ ነው ወይም በደለኛ ነው ብሎ የፈረደ ዳኛ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተገኘም።