ኤትየን ዶሌ፤ በሦስት ቃላት የተከሰሰው ተርጓሚ



«ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ የተነገረው ስለ አንደበት ቢሆንም፤ በብዕር ለሚሠራ ሰው ይበልጥ ይስማማዋል። የተነገረ ቃል ሰሚው ሲረሳው ይጠፋል፤ የተጻፈ ቃል ግን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ በጸሐፊው ፊት ለምስክርነት ሊቆም ይችላል። የፈረንሳዊው ጸሐፊ፤ ተርጓሚና አታሚ የኤትየን ዶሌ ታሪክ ይህን በግልጥ ያስረዳናል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዶሌ በ1509 ዓ.ም. ኦርሌያን በሚባለው ከተማ ተወለደ። በፓሪስ የላቲንን ቋንቋ ካጠና በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በፓዱዋ ተማረ። ከዚያም ወደ ቬኒስ በመልእክተኛነት ለተላኩት ለፈረንሳዊው ጳጳስ ለዣን ደ ላንዣክ ጸሐፊ ሆኖ አገለገለ። እንግዲህ ብዕሩን ለሥራ ያነሣው መጀመሪያ በመንግሥት አገልግሎት ነበር ማለት ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በቱሉዝ ሕግ ሲማር ግን፤ በተማሪዎች ፊት ያደረገው ንግግር የከተማዪቱን ሹማምንት ስላስቈጣ ታሰረ፤ በመጨረሻም ከተማዪቱን ለቆ ለመሄድ ተገደደ።

በ1534 ዓ.ም. ሊዮን ገባ። ሊዮን በዚያን ጊዜ ማተሚያ ቤቶች የበዙባት የንግድ ከተማ ነበረች። ዶሌም ግሪፊዩስ በተባለው አታሚ ዘንድ የሚታተሙትን መጻሕፍት ስሕተት እያረመ ይኖር ጀመር። ስለ ላቲን ቋንቋ የጻፋቸው ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት በ1536 እና በ1538 ዓ.ም. ታትመው ወጡ። ይሁን እንጂ ጠባዩ ቍጡ ስለ ነበረ ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ያፈራ ነበር። በ1536 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አንድ ሠዓሊ በጠብ ገደለና፤ ራሴን ለመከላከል ነው ብሎ ለንጉሡ ለቀዳማዊ ፍራንሷ አመልክቶ ምሕረት አገኘ። ይኸው ንጉሥ በ1538 ዓ.ም. መጻሕፍት የማተም የዐሥር ዓመት መብት ሰጠው።

ዘመኑ ለፈረንሳይኛ ቋንቋ የመነሻ ዘመን ነበር። ንጉሡ በ1539 ዓ.ም. በቪሌር ኮትሬ ባወጣው ዐዋጅ፤ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ሁሉ በላቲን መሆኑ ቀርቶ በፈረንሳይኛ እንዲጻፍ አዘዘ። በማግሥቱ ዓመት በ1540 ዓ.ም. ዶሌ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መልካም አድርጎ ስለ መተርጐም አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አወጣ። በዚህችም መጽሐፍ አምስት ሕጎችን ደነገገ። አንደኛ፤ ተርጓሚው የደራሲውን አሳብና ምስጢር ጠንቅቆ ይረዳ። ሁለተኛ፤ ሁለቱን ቋንቋዎች አጥርቶ ይወቅ። ሦስተኛ፤ ቃልን በቃል እየተከተለ የቃላት ባሪያ አይሁን። አራተኛ፤ ከላቲን የተወሰዱ እንግዳ ቃላትን ከማብዛት ተቈጥቦ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይጻፍ። አምስተኛ፤ ቃላቱን ለጆሮ በሚጥም ሥርዓት ያሰካካ። በትርጉም ሥራ የደከመ ሰው ሁሉ ከእነዚህ መካከል እጅግ የሚያስቸግረው ሦስተኛው መሆኑን ያውቃል፤ አሳቡን ለማብራት ከቃሉ መራቅ የሚገባው እስከ የት ድረስ እንደ ሆነ ወሰኑን የሚያሳይ ምልክት የለምና።

ዶሌ የሲሴሮን መጻሕፍት ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ፤ የማሮንና የራብሌንም ድርሰቶች እያተመ ሲሠራ፤ በ1542 ዓ.ም. ተይዞ በሃይማኖት መርማሪ ፊት ቀረበ። መንፈሳዊ መጻሕፍትን በፈረንሳይኛ አትሟል፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ በልቷል የሚሉት ከክሶቹ መካከል ነበሩ። መናፍቅ ነው ተብሎ ቢፈረድበትም፤ ፒየር ዱ ሻቴል የተባሉት ጳጳስ ስለ አማለዱት ንጉሡ በ1543 ዓ.ም. ማረው። ነገር ግን ምሕረቱ አልሰነበተም። በ1544 ዓ.ም. መጀመሪያ በስሙ የተላኩ የተከለከሉ መጻሕፍት ፓሪስ በር ላይ ተያዙና፤ ጠላቶቼ ያደረጉት ተንኰል ነው ቢልም እንደ ገና ታሰረ። በብልሃት አምልጦ ወደ ፒየሞንት ሸሸ። እዚያው ቢቀር ኖሮ ምናልባት ነፍሱን ባዳነ ነበር። እርሱ ግን ወደ ሊዮን ተመልሶ፤ ለንጉሡ የሚያመለክትባቸውን ግጥሞች ከሁለት የትርጉም ሥራዎች ጋር አሳተመ። ወዲያው ተይዞ ወደ ፓሪስ ተወሰደ።

ከሁለቱ የትርጉም ሥራዎች አንዱ፤ በዚያን ዘመን የፕላቶን ነው ይባል የነበረው፤ ዛሬ ግን ሊቃውንት የእርሱ አይደለም የሚሉት «አክሲዮኩስ» ነበር። በዚህ መጽሐፍ ሶቅራጥስ ሞትን የሚፈራ አንድ በሽተኛ ያጽናናል። ሞት በሕይወት ያለውን አይነካውም፤ ገና አልደረሰበትምና፤ የሞተውንም አይነካውም፤ እርሱ የለምና ይለዋል። ግሪኩ የሚለው አትኖርም ብቻ ሲሆን፤ ዶሌ በፈረንሳይኛው ላይ ፈጽሞ ምንም እንደማይሆን የሚያስረዱ ሦስት ቃላት ጨመረበት። የሶርቦን መምህራንም ይህ ጭማሪ የነፍስን ዘላለማዊነት የሚክድ ነው ብለው ፈረዱ። የሚያስደንቀው ግን ይኸው መጽሐፍ ወደ መጨረሻው ሲደርስ፤ ሶቅራጥስ ነፍስ የማትሞት መሆንዋን ለበሽተኛው ማስረዳቱ ነው።

ዶሌ ከሁለት ዓመት ገደማ እስራት በኋላ፤ የተከለከሉ መጻሕፍትን በመሸጥ፤ በስድብና በሁከት ጭምር ጥፋተኛ ተብሎ፤ ነሐሴ 3 ቀን 1546 ዓ.ም. በፓሪስ ሞቤር አደባባይ ታንቆ ከመጻሕፍቱ ጋር ተቃጠለ። ዕድሜው 37 ዓመት ነበር።

የሞተው በሦስት ቃላት ብቻ ነው ማለት እውነቱን ማሳጠር ይሆናል። ቍጡ ጠባዩና የተከለከሉት መጻሕፍት፤ የዘመኑም የሃይማኖት ክርክር ሁሉም አስተዋፅኦ አድርገዋል። ሆኖም ዳኞቹ ሦስቱን ቃላት እንደ ማስረጃ መያዛቸው ለእኛ የሚተወው ትምህርት አለ። ተርጓሚው አሳቡን አጸናለሁ ብሎ ደራሲው ያላለውን ጨምሯል፤ ይህ ጥፋት ነው። ነገር ግን በእርማት የሚስተካከል ጥፋት ነበር። መርማሪዎቹ ደግሞ አንዱን መስመር ከመጽሐፉ ለይተው መዘኑት እንጂ፤ መጽሐፉ በመጨረሻ ምን እንደሚል በፍርዳቸው ውስጥ አላስገቡትም። የፊተኛው ስሕተት አንድ ዐረፍተ ነገር አበላሸ፤ የኋለኛው ግን የሰው ነፍስ አጠፋ።

በ1889 ዓ.ም. የፓሪስ ሰዎች በዚያው በተቃጠለበት አደባባይ የዶሌን የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። እርሱም በ1942 ዓ.ም. ጀርመኖች አገሪቱን በያዙበት ጊዜ ለብረቱ ሲባል ተነሥቶ ቀለጠ። አምስቱ ሕጎቹ ግን እስከ ዛሬ በትርጉም ትምህርት ይጠቀሳሉ።

እንግዲህ በየቢሮው ደብዳቤ የምናረቅ፤ ሕግና ውል የምንተረጕም፤ የሌላውንም ሰው ጽሑፍ መርምረን ውሳኔ የምንሰጥ ሁሉ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንያዝ። በምንጽፍበት ጊዜ ባለቤቱ ያላለውን አንጨምርበት። በምንፈርድበትም ጊዜ መዝገቡን እስከ መጨረሻው ገጽ ሳናነብ ብዕራችንን ለፊርማ አናንሣ።