«እርምጃ አያስፈልግም»

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሌሊት ሲስተም ሲወድቅ ስልኬ ይጮኻል፣ እነሳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ማንበብ ሱስ የሆነብኝ። የአውሮፕላን ይሁን የባቡር፣ ያገኘሁትን አነባለሁ። ጓደኞቼ ተከታታይ ፊልም ሲያዩ እኔ የማነበው ይህንን ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ።

ባለፈው ክረምት የያዝኩት ሪፖርት ግን እንደሌሎቹ በአንድ ሌሊት አላለቀልኝም። ሎርድ ከለን የሚባሉ ስኮትላንዳዊ ዳኛ ስለ ደንብሌን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያዘጋጁት ነው። አንቀጾቹ በቁጥር የተደረደሩ፣ ቋንቋው ደረቅ ነው። ደረቅ መሆኑ ነው መሰለኝ የከበደኝ። ሦስት ጊዜ ዘግቼዋለሁ።

ደንብሌን ስኮትላንድ ውስጥ ስተርሊንግ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዕለቱ ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1996 ነበር፤ በእኛ መጋቢት 4 ቀን 1988 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ የአንደኛ ክፍል ልጆች ለስፖርት ወደ ጂም አዳራሽ ገብተዋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። አንድ የ43 ዓመት ሰው አራት ሽጉጦችና 743 ጥይቶች ይዞ ገባ። በሦስትና አራት ደቂቃ ውስጥ 16 ልጆችንና መምህራቸውን ገደለ፣ ሌሎችን አቆሰለ፣ በመጨረሻ ራሱን አጠፋ። ስሙን አልጽፍም፤ የፈለገ በቀላሉ ያገኘዋል።

እኔን ያስቆመኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ክፍል ነው። አራቱም ሽጉጦች ሕጋዊ ነበሩ። ሰውየው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ፈቃድ አለው፣ የዒላማ ተኩስ ክለብ አባል ነው፣ ፈቃዱ በየጊዜው ይታደስለታል። በሌላ በኩል ደግሞ ለወንድ ልጆች የስፖርት ክበብና የበጋ ካምፕ ያቋቁም ነበር፤ በልጆቹ አያያዝ የተነሳ ወላጆች ለዓመታት አቤት ሲሉበት ኖረዋል። በ1991 አንድ ካምፑን የመረመረ የፖሊስ ሳጅን ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ፤ ይህ ሰው የጦር መሣሪያ ሊታመን የሚገባው አይመስለኝም፣ ፈቃዱ ይታሰብበት የሚል መንፈስ ያለው ማስታወሻ። ወረቀቱ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ምክትል አዛዡ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው በወንጀል ተፈርዶበት አያውቅም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ውሳኔ እርምጃ አያስፈልግም የሚል ነበር። በ1992 ፈቃዱ ታደሰ። በ1995 እንደገና ታደሰ።

እዚህ ላይ ሪፖርቱን ዘግቼ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ለምን እንደከበደኝ ልናገር። በፊት በምሠራበት አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ አንዲት ጀማሪ ልጅ ስለ ባክአፕ ሲስተማችን ማስጠንቀቂያ ጽፋ ነበር። ቲኬቱ እኔ ጋ መጣ። ብዙ ሥራ ነበረብኝ፣ ሲስተሙ ደግሞ ወድቆ አያውቅም። «እርምጃ አያስፈልግም» ብዬ ዘጋሁት። ከአምስት ወር በኋላ ልክ እሷ ባለችው ቦታ ተበላሸ። የጠፋው የሁለት ቀን ዳታ ነው፣ ማንም አልሞተም፤ ከደንብሌን ጋር እኩል ላስቀምጠው አይደለም፣ ያሳፍረኛል። ግን ያንን ቃል ሲጽፉ እጅ ላይ የሚሰማውን ቅለት አውቀዋለሁ።

ከለን በሪፖርታቸው ፈቃዱን ለመሰረዝ በቂ ምክንያት እንደነበረና ፖሊስ እርምጃ መውሰድ እንደነበረበት ጽፈዋል። ምክትል አዛዡም ሥራቸውን ለቀቁ። በብዙ አገር ነገሩ እዚህ ጋ ያልቃል፤ ጥፋተኛ ተገኘ፣ ተነሳ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

የደንብሌን ሰዎች ግን ጥያቄውን አዞሩት። ምክትል አዛዡ ጎበዝ ቢሆኑ ኖሮ ሳይሆን፣ የስንት ሕፃን ሕይወት በአንድ ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ሰው ግምት ላይ መንጠልጠሉ ራሱ ምንድን ነው አሉ። የዒላማ ስፖርት ለሚወድ ሰው ቤቱ ውስጥ አራት ሽጉጥ ለምን ያስፈልገዋል? ከተማዋን የሚያውቁ ጥቂት እናቶች የፊርማ ዘመቻ ጀመሩ፤ ስሙን ስኖውድሮፕ አሉት። ስኖውድሮፕ ትንሽ ነጭ አበባ ናት፣ እዚያ አገር ክረምቱ ሳይወጣ ቀድማ ብቅ የምትል፣ በዚያ መጋቢት ያበበችው እሷ ነበረች። ኢንተርኔት ገና በየቤቱ ባልገባበት ዘመን፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ፣ በጥቂት ወራት ከ700,000 በላይ ፊርማ ሰበሰቡ።

ሁሉም ሰው አብሮ አለቀሰና ሕግ ወጣ ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ለቅሶው በእርግጥ የሁሉም ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሜጀርና የተቃዋሚው መሪ ቶኒ ብሌር በሁለተኛው ቀን አብረው ደንብሌን ሄዱ፣ ንግሥቲቱም በዚያው ሳምንት እሑድ፣ የእናቶች ቀን በሚከበርበት ዕለት ተገኙ። ክርክሩ ግን መራራ ነበር። በዚያው በጋ የፓርላማው ኮሚቴ አባላት አብዛኞቹ ሽጉጥ መከልከሉን ተቃወሙ። ተኳሾቹም እኛ ምን አጠፋን አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ብዙዎቹ ምንም ያላጠፉ ሰዎች ናቸው። ከለን ራሳቸው ሙሉ እገዳ አላሉም፤ መጀመሪያ ያስቀደሙት ሐሳብ ሽጉጡ አገልግሎት ላይ በማይሆንበት ጊዜ ዋና ክፍሉ እየተፈታ እንዲቀመጥ ነበር፤ ያ ካልሆነ ነው እገዳ የሚታሰበው። መንግሥት ከሳቸው አልፎ ሄደ። በ1997 መጀመሪያ የሜጀር መንግሥት ከፍ ያለ ካሊበር ያላቸውን ሽጉጦች ከለከለ፤ በግንቦት ምርጫ ያሸነፈው ብሌር ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ የቀሩትን ትናንሾቹንም ጨመረ። ወደ 160,000 የሚጠጉ ሽጉጦች ተሰበሰቡ፣ ባለቤቶቹም ካሳ ተከፈላቸው።

በእኔ ሙያ ቋንቋ ይህ ሁለተኛው ማስተካከያ ነበር። በ1987 ሀንገርፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ አንድ ሰው 16 ሰዎችን ገድሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ታገደ። ያው ሰው ሽጉጥም ይዞ ነበር፤ ሽጉጡ ግን ሳይነካ ቀረ። እኛም እኮ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ትናንት የፈነዳውን ቀዳዳ ብቻ ደፍነን አጠገቡ ያለውን እንተወዋለን።

ሕጉ ተአምር አልሠራም። ከእገዳው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በሽጉጥ የሚፈጸም ወንጀል ጨምሮ ነበር፣ የቀነሰው ቆይቶ ነው፤ ወንበዴ ፈቃድ አውጥቶ አያውቅምና። ሰሜን አየርላንድን ሕጉ አይመለከትም። አዳኝ ጠመንጃም በፈቃድ ይያዛል፤ በ2010 ካምብሪያ ውስጥ 12 ሰው የሞተው በዚያ ነው። ይልቅ ያበሳጨኝ የፕሊመዝ ጉዳይ ነው። በ2021 አንድ ወጣት አምስት ሰዎችን ገደለ። ፖሊስ ሁለት ሰው በመምታቱ ጠመንጃውንና ፈቃዱን ወስዶበት ነበር፤ ከግድያው አንድ ወር በፊት መልሶ ሰጠው። ከደንብሌን 25 ዓመት በኋላ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው ግምት። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ተሳድቤያለሁ። ሆኖም የብሪታንያ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ1996 ወዲህ እንደ ደንብሌን ያለ ግድያ አልተደገመም። ሦስት አሥርት ዓመት ማለት ነው።

ከዚያ ጂም የተረፈ ነገር የለም፤ በሳምንታት ውስጥ አፈረሱት። ትምህርት ቤቱ ግን አለ፣ ልጆች ይማሩበታል። የቴኒስ ተጫዋቹ አንዲ መሪ ያን ቀን እዚያው ተማሪ ነበር፣ የስምንት ዓመት ልጅ። ገዳዩን ያውቀዋል፤ ክበቡ ይሄድ ነበር። ለብዙ ዓመታት ስለዚህ ሲጠየቅ ዝም ይል ነበር። በ2012 የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የፖስታ ሣጥን ወርቅማ ተቀባ፤ ደንብሌን ብሎ የሚፈልግ ሰው አሁን ያንን ሣጥንም ያገኛል። ደስ ይላል።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። እሷ አሜሪካ በገባችበት ዓመት፣ በ2012፣ ኮኔክቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና ስድስት አዋቂዎች ተገደሉ። እነሱም የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች። በቀጣዩ ሚያዝያ የጦር መሣሪያ ገዢን ማንነት ማጣራት የሚያጠብቅ ረቂቅ ሴኔት ቀርቦ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ ሳያገኝ ወደቀ፤ እገዳ እንኳ አልነበረም፣ ማጣራት ነው። ልጇ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። በቪዲዮ ስንደዋወል በትምህርት ቤት መብራት አጥፍተው፣ በር ቆልፈው፣ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ዝም ማለት እንደተለማመዱ በኩራት ነገረችኝ። እሷ ምንም ድምፅ አላሰማችም አሉ፤ አስተማሪዋ ስቲከር ሰጥታታለች።

«ጋሼ፣ እናንተስ ትምህርት ቤት የት ነበር የምትደበቁት?» አለችኝ።

ከሽንት ቤቱ ጀርባ አልኳት። ድብብቆሽ ስንጫወት።