የኦባማ መመረጥ በኢትዮጵያውያን ዘንድ
ባራክ ኦባማ የአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ጥቅምት 25 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ በዋሽንግተን ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲነገር በኢትዮጵያ ከተሞች በደባርቅና በዳባት ነግቶ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኖ ነበር።

በዚያች ሌሊት የዋሽንግተኑ ዩ ጎዳና በጭፈራ ተጥለቀለቀ። ቦታው ተራ አይደለም፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1960 ዓ.ም. ሲገደሉ ቁጣው የፈነዳው እዚያው ነበር። ለዓመታት ተጎሳቁሎ የቆየውን ሰፈር ካነቃቁት መካከል የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ይገኙበታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ቨርጂኒያም ከ44 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የዴሞክራቶችን ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ መረጠች።

የኦባማ አባት ኬንያዊ ነበሩና፣ ኦባማ ለኢትዮጵያዊ የጎረቤት ልጅ ነበሩ።

ኦባማ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ በሥልጣን ላይ ሳሉ ኢትዮጵያን የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በቤተ መንግሥት የሉሲን ቅሪተ አካል በእጃቸው ነኩ። ይሁንና ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ መያዛቸው በይፋ ከተነገረ ሁለት ወር ሳይሞላ ኦባማ መንግሥቱን በዴሞክራሲ የተመረጠ ማለታቸው የመብት ተሟጋቾችን አስቆጣ፤ ቁጣውም አለምክንያት አልነበረም። በማግሥቱ በአፍሪካ ኅብረት ከወንበራቸው የማይነሡ መሪዎችን ሲነቅፉ ግን አዳራሹ በጭብጨባ ደመቀ።