ጀርመናዊ ማን ነው?

ይህን ንግግር በሬዲዮ ሰምታችሁት ይሆናል። አሁን ደግሞ በወረቀት ታትሞ እጃችሁ ገብቷል። በጆሯችሁ የሰማችሁትን በዓይናችሁ እየለቀማችሁ አንብቡት። ቀስ በሉ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ጀርመን ሕዝብ ነው። እስቲ ከትንሽ ነገር እንነሣ። ድንች የማያውቅ የለም። በሰሜን ጀርመን ድንችን «ካርቶፌል» ይሉታል። በደቡብ፣ በባቫሪያ ገጠር ደግሞ «ኤርድአፕፌል» ይሉታል። ትርጉሙ «የመሬት ፖም» ማለት ነው። ቅዳሜ እንኳ ሁለት ስም አለው። በደቡብና በምዕራብ «ዛምስታግ» ነው። በሰሜንና በምሥራቅ ግን «ዞንአቤንድ» የሚሉት አሉ፤ «የእሑድ ዋዜማ» እንደ ማለት ነው። የሰሜን ዓሣ አጥማጅና የባቫሪያ ገበሬ በየሰፈራቸው አነጋገር ቢያወሩ መግባባት ይቸግራቸዋል። የጎጃምና የሸዋ ሰው ሲገናኝ በአንዳንድ ቃል ይሳሳቅ እንደሆነ እንጂ እንዲህ አይቸገርም።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች «አንድ ሕዝብ ነን» ያሉት እንዴት ነው? ማንን ጨመሩ? ማንንስ አስወጡ?

ጀርመኖች ራሳቸውን «ዶይች» ብለው ይጠራሉ። ይህ ቃል ጥንት የአገር ስም አልነበረም። በዚያን ጊዜ ካህናትና ጸሐፊዎች የሚጽፉት በላቲን ነው። ላቲን የማያውቀው ተራው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ «የሕዝብ አነጋገር» ተባለ። «ዶይች» የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የቋንቋው ስም ነበረ። የሕዝቡ ስም ቀጥሎ መጣ። የመንግሥቱ ስም ግን በጣም ዘገየ።

ጎረቤቶቻቸውም በአንድ ስም አይጠሯቸውም። ፈረንሳዮች «አልማኝ» ይሏቸዋል፤ በአቅራቢያቸው የነበረው ጎሣ አለማኒ ይባል ስለነበረ ነው። ፊንላንዶች «ሳክሳ» ይሏቸዋል፤ ይህ ደግሞ ከሳክሶኖች ስም የመጣ ነው። ፖላንዶችና ሩሲያውያን የሚሏቸው ስም «ዲዳ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ቋንቋችንን የማይችል ሰው ዲዳ ነው ማለታቸው ነው። እኛ «ጀርመን» የምንለው ከላቲኑ ስም ነው።

አሁን ወደ አገሩ እንግባ። እስከ 1806 ድረስ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። ከላይ አንድ ንጉሠ ነገሥት ነበረ። ከሥሩ ግን ወደ 300 የሚደርሱ ግዛቶች ነበሩ። መስፍን የሚገዛው አለ፣ ጳጳስ የሚገዛው አለ፣ ራሱን የሚያስተዳድር ከተማም አለ። በየድንበሩ ቀረጥ ይከፈላል። በየአገሩ ገንዘቡ ልዩ ነው። ከ1555 ጀምሮ ሃይማኖትም እንደ ገዢው ሆነ። መስፍኑ ካቶሊክ ከሆነ ሕዝቡ ካቶሊክ፣ መስፍኑ ፕሮቴስታንት ከሆነ ሕዝቡ ፕሮቴስታንት እንዲሆን ተወሰነ። በዚያን ዘመን አንድን ገበሬ «አገርህ ወዴት ነው?» ብትሉት «ሳክሶኒ» ወይም «ባቫሪያ» ይላል እንጂ «ጀርመን» ማለት አይመጣለትም ነበር።

ሰዎቹን ማቀራረብ የጀመረው ንጉሥ ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ማርቲን ሉተር ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መልሶ በ1522 አሳተመ። መጽሐፍ ቅዱሱን በሙሉ ደግሞ በ1534 አወጣ። ሉተር የጻፈው የሳክሶኒ መንግሥት ጸሐፊዎች በሚጠቀሙበት ጀርመንኛ ነው። በሰሜንም በደቡብም ብዙ ሰው ሊከተለው የሚችል ነበረ። ቃላቱን ግን ከቤትና ከገበያ፣ ከተራው ሰው አፍ ለመልቀም ይሞክር ነበር። እንዲያም ሆኖ ለሁሉ አልገባም። በባዝል ከተማ የነበረ አንድ አታሚ በ1523 መጽሐፉን ሲያትም የቃላት መፍቻ ጨመረበት። የደቡብ አንባቢዎች የሉተር ቃላት ያስቸግሯቸው ነበራ! ካቶሊኮቹ ባቫሪያዎች «ይህ የሉተር ጀርመንኛ ነው» እያሉ ይህን አጻጻፍ ሳይቀበሉ ረጅም ዘመን ቆዩ።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ሰው እናንሣ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከሮም ተነሥተው ጎታ ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ጎታ ያን ጊዜ የራሷ መስፍን ያላት ትንሽ አገር ነበረች። አባ ጎርጎርዮስ እዚያ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ምሁር ጋር ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ ተነጋገሩ። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ «ጀርመን አገር ደረስሁ» ቢሉ እንኳ በመንገዳቸው ያለፉት የብዙ መሳፍንት አገር ነው።

ቀጥሎ ናፖሊዮን መጣ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ጦር ጀርመኖችን ወረረ፤ የቀድሞው ግዛትም በ1806 ፈረሰ። «አንድ ሕዝብ ነን» የሚለው ስሜት የጠነከረው በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ነገሩ ያን ያህል የጠራ አይደለም። በ1813 በላይፕሲግ ትልቅ ጦርነት ሲደረግ ፕሩሲያዎች ናፖሊዮንን ይወጉ ነበር። የሳክሶኒ ወታደሮች ደግሞ ከናፖሊዮን ጋር ተሰልፈው ነበር። ጦርነቱ መካከል ላይ እያለ ብዙዎቹ ሳክሶኖች ወደ ማዶ ተሻገሩ። ጀርመን ከጀርመን ጋር ነበር የሚታኮሰው።

ከዚያ በኋላ ግዛቶቹ ወደ 39 ዝቅ አሉ። በ1834 ብዙዎቹ በመካከላቸው የነበረውን ቀረጥ አስቀሩ። ይህ ለነጋዴው ትልቅ እፎይታ ነበር።

አሁን ስለ ሁለት ወንድማማቾች እንናገር። ያዕቆብ ግሪምና ቪልሄልም ግሪም ይባላሉ። ተረት ሰብሳቢዎች ናቸው። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ከአምስት የሙያ ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ተቃወሙ። ሁሉም ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተባረሩ። ያዕቆብ በሦስት ቀን ውስጥ አገሩን ለቀህ ውጣ ተባለ። ወዴት ሄደ? ካስል ወደምትባለው ከተማ። ካስልም እኮ የጀርመኖች ከተማ ናት! ከጀርመን ወደ ጀርመን ተሰደደ ማለት ነው።

በዓመቱ፣ በ1838፣ ወንድማማቾቹ ከባድ ሥራ ጀመሩ። የጀርመንኛን ቃላት በሙሉ በአንድ መዝገበ ቃላት ሊሰበስቡ አሰቡ። መዝገበ ቃላት የቃላትን ትርጉም በፊደል ተራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ጀርመኖች አንድ መንግሥት የላቸውም፤ ቃላታቸው ግን አንድ ቤት ይግባ ነው ነገሩ። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1854 ወጣ። ቪልሄልም በ1859 ሲሞት ገና አራተኛው ፊደላቸው ላይ ነበሩ። ያዕቆብ በ1863 ሲሞት «ፍሩኽት» የሚለው ቃል ላይ ደርሶ ነበር፤ «ፍሬ» ማለት ነው። ይህን መዝገበ ቃላት ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1848 የየአገሩ ተወካዮች አንድ ጀርመን ለማቋቋም በፍራንክፈርት ተሰበሰቡ። ያዕቆብ ግሪምም ከተወካዮቹ አንዱ ነበር። ክርክሩ ረዘመ። ኦስትሪያ ትግባ ወይስ ትቅር? ኦስትሪያዎች ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ግን ብዙ ሃንጋሪዎችንና ሌሎች ሕዝቦችን ይገዛሉ። በመጨረሻ ዘውዱን ለፕሩሲያ ንጉሥ ቢያቀርቡለት አልፈልግም አለ። ጉባኤው ያለ ውጤት ተበተነ።

ክርክሩን የፈታው ጠመንጃ ነው። በ1866 ፕሩሲያ ኦስትሪያን አሸነፈች። ባቫሪያ፣ ሳክሶኒና ሃኖቨር ከኦስትሪያ ጋር ቆመው ነበር፤ አብረው ተሸነፉ። በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ታወጀ። የታወጀው በጀርመን መሬት አይደለም፤ በፈረንሳይ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ነው። ባቫሪያዎች ግን ሁሉን አልለቀቁም። የራሳቸውን ፖስታ፣ የራሳቸውን ባቡር፣ በሰላም ጊዜም የራሳቸውን ጦር ይዘው ገቡ።

አዲሱ መንግሥት ከቋንቋው ጋር አልገጠመም። ጀርመንኛ ተናጋሪው ኦስትሪያዊ ውጪ ቀረ። ፖላንድኛ ተናጋሪው ግን የፕሩሲያ ተገዢ ስለነበረ ውስጥ ገባ። ቭዤሽኛ በምትባል የፖላንዶች ከተማ በ1901 የሆነውን ስሙ። የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ ይሰጥ ተባለ። ልጆቹ በጀርመንኛ አንመልስም አሉ። አስተማሪዎች ልጆቹን ገረፉ። ወላጆች መጥተው ጮኹ። ወላጆቹ ተከሰሱና ታሠሩ። ሰውን ያስተሳስራል ያልነው ቋንቋ እዚህ ላይ የዱላ ምክንያት ሆነ።

ሌላም አለ። አልሳስ የሚባል አገር በፈረንሳይና በጀርመን መካከል አለ። በ1868 እዚያ የተወለደ ሰው ሲወለድ የፈረንሳይ ነው። በ1871 የጀርመን ሆነ። በ1918 የፈረንሳይ ሆነ። በ1940 ጀርመን ያዘው። በዕድሜው ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ እንደገና የፈረንሳይ ሆነ። ሰውዬው እኮ ከቤቱ አልወጣም! ድንበሩ ነው የሚመላለሰው።

በ1913 ደግሞ ጀርመናዊ ማለት ከጀርመን አባት የተወለደ ነው የሚል ሕግ ወጣ። የዘር ሐረግ እንጂ የተወለዱበት ቦታ አይቆጠርም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ዘመን እንገባለን። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ ወደ 500 ሺህ አይሁዶች ይኖሩ ነበር። የሚናገሩት ጀርመንኛ ነው። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያው የኖሩ ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ አይሁዶች ለጀርመን ዘምተው 12 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። በ1935 በወጣ ሕግ ግን «እናንተ የዚህ አገር ዜጋ አይደላችሁም» ተባሉ። በ1938 ልጆቻቸው ከጀርመን ትምህርት ቤት ተባረሩ። ቪክቶር ክሌምፐረር የሚባል የድሬስደን ፕሮፌሰር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነበር። ከሥራው አባረሩት፤ ከቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ እንዳይዋስ ከለከሉት። እሱ በድብቅ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መንግሥቱ የጀርመንኛ ቃላትን እንዴት እያጣመመ ሰውን ለጥላቻ እንደሚያዘጋጅ በየቀኑ ይመዘግብ ነበር። እሱ ተረፈ፤ መጽሐፉም በ1947 ታተመ። ስድስት ሚሊዮን የአውሮፓ አይሁዶች ግን ተገደሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ የሚሆኑት የጀርመን አይሁዶች ነበሩ።

በ1945 ጀርመን ተሸነፈች። ከምሥራቅ አገሮች ወደ 12 ሚሊዮን የሚሆኑ ጀርመኖች ሸሹ ወይም ተባረሩ። ወደ ባቫሪያና ወደ ሰሜን መንደሮች ሲደርሱ የመንደሩ ሰው እንደ ባዕድ አያቸው። አነጋገራቸው ይለያላ! ፕሩሲያ የሚባለው አገር በ1947 በአዋጅ ጠፋ። ኦስትሪያዎች ከ1938 እስከ 1945 ከጀርመን ጋር ተቀላቅለው ነበር፤ አሁን ግን «እኛ ኦስትሪያዎች ነን» አሉ። በ1951 የራሳቸውን መዝገበ ቃላት አወጡ።

በ1949 ጀርመን ለሁለት ተከፈለች። የፊደል አጻጻፍ መምሪያው መጽሐፍ ዱደን ይባላል። እሱም ሁለት ሆነ፤ አንዱ በምሥራቅ፣ አንዱ በምዕራብ ይታተም ጀመር።

የግሪሞቹ መዝገበ ቃላትስ? እሱ አልተከፈለም። በምሥራቅ በርሊንና በምዕራቡ ጎቲንገን የተቀመጡ ምሁራን ሥራውን ተካፍለው ጨረሱት። የተፈጸመው በ1961 መጀመሪያ ነው፤ ከተጀመረ 123 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 13 ቀን፣ በእነሱው አቆጣጠር፣ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በርሊንን የሚከፍለውን ግንብ መሥራት ጀመረ። ቃሉ ሁሉ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገባ፤ ሰዉ ደግሞ በግንብ ተለያየ።

ያ ዓመት በዚህ አላበቃም። በጥቅምት 30 ቀን ምዕራብ ጀርመን ሠራተኞች ለማስመጣት ከቱርክ ጋር ተዋዋለች። ሰዎቹ «እንግዳ ሠራተኞች» ተባሉ። እንግዳ ይመለሳል ተብሎ ታስቦ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቀሩ፤ ልጆችም ወለዱ። ልጆቹ በሙኒክ ይወለዳሉ፣ በሙኒክ ይማራሉ፣ ቅዳሜን እንደ ሙኒክ ሰው «ዛምስታግ» ይላሉ። በሕግ ግን ቱርኮች ናቸው። የ1913ቱ ሕግ አልተለወጠማ! በአንጻሩ አያት ቅድመ አያቶቹ ከጀርመን ወደ ሩሲያ የሄዱ ሰው፣ ጀርመንኛው የተሰባበረ ቢሆን እንኳ፣ ሲመጣ ዜግነት ያገኝ ነበር።

ግንቡ በኅዳር 9 ቀን 1989 ተከፈተ። በላይፕሲግ አደባባይ የወጡት ሰዎች በፊት «ሕዝቡ እኛ ነን» ይሉ ነበር፤ ለገዢዎቻቸው መናገራቸው ነው። ትንሽ ቆይቶ «አንድ ሕዝብ ነን» ማለት ጀመሩ። በ1990 ሁለቱ አገሮች አንድ ሆኑ። ዱደንም በ1991 እንደገና አንድ መጽሐፍ ሆነ። ሰዉ ግን እንደ መጽሐፉ ቶሎ አልገጠመም። በምሥራቅ ብዙ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ብዙ ሰው ሥራ ፈታ። «ኦሲ» እና «ቬሲ» የሚባሉ የመናናቂያ ስሞች ወጡ፤ «ምሥራቄው» እና «ምዕራቤው» እንደ ማለት ነው።

የዜግነቱ ሕግ የተለወጠው በ2000 ነው። ከውጭ አገር ወላጆች በጀርመን የሚወለድ ልጅ፣ አንደኛው ወላጅ ለተወሰነ ዓመት በሕጋዊ መንገድ እዚያ ከኖረ፣ ሲወለድ ጀመሮ ጀርመናዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ የቀድሞ ዜግነትን ሳይለቁ ጀርመናዊ መሆን ተፈቀደ። በ1960ዎቹ በባቡር የመጡት ቱርካውያን ሠራተኞች ይህን ሲሰሙ በሕይወት ያሉት ሸምግለው ነበር። ለእነሱ የጽሑፍ ቋንቋ ፈተናው ቀረላቸው፤ በቃል መናገር ከቻሉ ይበቃል ተባለ።

ለዛሬ እዚህ ላይ እናበቃለን።