የስቶው የበር ቤቶች

የስቶው የበር ቤቶች በእንግሊዝ፣ በበኪንግሃምሻየር አውራጃ፣ ስቶው በተባለው የመኳንንት ርስት መግቢያዎች ላይ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች ናቸው። የእንግሊዝ የበር ቤት በመሠረቱ የዘበኛ መኖሪያ ነው፤ ዘበኛው ሠረገላ ሲመጣ ወጥቶ በሩን ይከፍታል፣ ያልተፈቀደለትን ይመልሳል። በስቶው ግን በሮቹ የባለቤቱን ሀብትና ማዕረግ ገና ከሩቅ እንዲናገሩ ታስቦ የተሠሩ ናቸው።

ርስቱ የቴምፕል ቤተሰብ ነበር። ቀደምት ከሆኑት መካከል በኦክስፎርድ በኩል ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የቆሙት የቦይኮት ድንኳን መሰል ቤቶች ይገኛሉ፤ አርክቴክቱ ጄምስ ጊብስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1728 እና በ1729 ተሠሩ። ስማቸው በአካባቢው ከነበረችና ከጠፋች ትንሽ መንደር የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጣሪያቸው የድንጋይ ፒራሚድ ነበር፤ በ1758 ጣሊያናዊው ቦራ በጉልላት ለወጠው። በሁለቱ መካከል ዊልያም ኬንት በ1731 የነደፋቸው የበር ዓምዶች ቆመው ነበር። ዓምዶቹ በ1761 ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ውጭ ርቀው ተተከሉ፤ በ1780ዎቹም ሁለት ትንንሽ ቤቶች ተጨመሩላቸው።

ከሁሉም የሚልቀው የቆሮንቶስ ቅስት ነው። በ1765 የነደፈው ቶማስ ፒት ሲሆን ያሠራው ዘመዱ ኧርል ቴምፕል ነው። የኧርሉ ወንድም ጆርጅ ግሬንቪል እስከዚያው ዓመት ድረስ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበር፣ ቤተሰቡ የሮማ ነገሥታትን የድል በር አስመስሎ ማሠራቱ ብዙም አያስገርምም። ቅስቱ ከፍታውም ስፋቱም 60 ጫማ (18 ሜትር ገደማ) ነው። ከፊት ለፊት ለሚያየው ሐውልት እንጂ ቤት አይመስልም፤ ይሁን እንጂ በግራና በቀኝ እግሮቹ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያዎች አሉ። ከበኪንግሃም ከተማ የሚነሣው 2.4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጎዳና ወደ ቅስቱ ያመራል፤ እንግዳው በቅስቱ በኩል ዋናውን ቤት ከማዶ ያያል። ነገር ግን በመካከል ሸለቆና ሐይቅ ስላለ ሠረገላው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ዞሮ መግባት አለበት። ጎዳናው ከከተማው በሚጀምርበት ቦታ ሌላ ጥንድ የበር ቤት በ1805 ተሠርቷል። የጎዳናውን ዳር የያዙት የኤልም ዛፎች በ1970ዎቹ በበሽታ በማለቃቸው በሌሎች ዛፎች ተተኩ።

የቤተሰቡ ክብር ግን እንደ በሮቹ አልጸናም። ሁለተኛው የበኪንግሃም መስፍን ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ስለነበረበት፣ በ1848 የቤቱ ዕቃ ለ40 ቀናት በሐራጅ ተሸጠ። ዋናው ቤት ከ1923 ጀምሮ ትምህርት ቤት ነው። ምሥራቃዊው የቦይኮት ቤት በ1952 ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ ሆነ፤ የአትክልት ስፍራው በ1989 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ተላለፈ። የዛሬ ጎብኚዎች የሚገቡት በታላላቆቹ በሮች ሳይሆን፣ በቆሮንቶስ ቅስት አቅራቢያ ቫይካውንት ኮብሃም በ1717 ለተመልካቾች ባሠራው የእንግዳ ማረፊያ በኩል ነው።