ጀናዛቸው የተሸሸገባቸው ቤተሰቦች

ዛሬ ወደ ሰሜን አየርላንድ እንወስዳችኋለን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚያች አገር ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በዘለቀው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እኛ የምናነሳው ግን ከሟቾቹ መካከል ተገድለው በድብቅ የተቀበሩትን ጥቂቶች ነው።

የብሪታንያ ጦር በ1971 ሲቪል ለባሽ ወታደሮቹን በቤልፋስት ከተማ ማሰማራት ጀመረ። ከዘዴዎቻቸው አንዱ የልብስ አጠባ ድርጅት ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወታደር በመኪና ቤት ለቤት እየዞሩ በርካሽ ዋጋ ልብስ ይሰበስባሉ። ልብሱ ታጥቦ ከመመለሱ በፊት የፈንጂ ቅሪት እንዳለበት ይመረመራል። የቤት እመቤቷ በሯን የምትከፍተው ለአጣቢ መስሏት ነው!

ምስጢሩ የወጣው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር (አይ.አር.ኤ) ከራሱ ሰዎች ሁለቱ ጆሮ ጠቢ መሆናቸውን ሲደርስበት ነው። ጥቅምት 2 ቀን 1972 መኪናው ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሾፌሩ ወታደር ተገደለ። ሁለቱ ወጣቶችም የዚያኑ ወር ደብዛቸው ጠፋ። አስከሬናቸው የተገኘው በ2015፣ ሌላ ሰው ሲፈለግ ነው።

እንዲህ ያለው ስለላ ጎረቤትን ከጎረቤት አጠራጠረ። ጂን ማክኮንቪል ባሏ የሞተባት የ10 ልጆች እናት ነበረች። በታኅሣሥ 1972 ታጣቂዎች ከልጆቿ ፊት ወሰዷት። ልጆቹ በየማሳደጊያው ተበተኑ። አይ.አር.ኤ ጆሮ ጠቢ ነበረች ብሏል፤ ጉዳዩን የመረመረው የፖሊስ እንባ ጠባቂ ግን በ2006 ለዚህ ምንም ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል። አፅሟ የተገኘው በ2003 በባሕር ዳርቻ ነው።

ሰላዮቹም አልተረፉም። የ28 ዓመቱ ካፒቴን ሮበርት ናይራክ በ1977 በደቡብ አርማ ከአንድ መጠጥ ቤት ታፍኖ ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ በዚያው ዓመት ተፈርዶበታል፤ መቃብሩ ግን አልታወቀም። በ2024 የተደረገው ቁፋሮም ፍሬ አላፈራም።

የብሪታንያና የአየርላንድ መንግሥታት በ1999 የጋራ ኮሚሽን አቋቋሙ። መቃብር የሚጠቁም ሰው ማንነቱ ይደበቅለታል፤ የሰጠው መረጃም ፍርድ ቤት አይቀርብበትም። ከባድ ስምምነት ነው። ገዳይን መጠየቅ የሚሻ ቤተሰብ ይህን መተው ግድ ሆኖበታል። እኛ ግን ልጁን ሳይቀብር 30 ዓመት የኖረ አባት ይህን ቢመርጥ አንፈርድበትም።

በጉዳዩ ከተመዘገቡት 17 ሰዎች የ13ቱ ተገኝቷል። አራቱ ገና ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ1975 የተሰወረ ወጣት ሲሆን፣ በሞናጋን አውራጃ ብራጋን በተባለ ረግረግ ተደጋግሞ ተቆፍሮለታል። እናቱ በ2007 ሳትቀብረው ሞታለች።