«ልዩ ልዩ» ከሚለው መስመር የወጣ መድኃኒት



ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን ከማኅበሩ ብድር ጠየቀች። ማመልከቻው ላይ ምክንያቱን «ለሕክምና» ብላ ሞልታለች። እኔ ሂሳብ ያዥ ነኝና የሐኪም ወረቀት ጠየቅኋት። ዝም አለች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ሻሿን ገለጥ አደረገችልኝ። መሃል አናቷ ላይ ፀጉሯ ሳስቶ ቆዳው ይታያል። ልትገዛ ያሰበችው «በአንድ ወር ፀጉር ያበቅላል» የተባለላትን ቅባት ነበር። ዋጋው የሦስት ወር ቁጠባዋን ይበልጣል።

ስሟን ሳልጠራ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የዚህን ሕክምና ታሪክ ሳነብ ቆይቻለሁና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አፕጆን የተባለ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ለጨጓራ ቁስለት የሚሆን መድኃኒት ይፈልግ ነበር። የሠራው ውህድ በውሾች ላይ ሲሞከር ቁስለቱን አላዳነም፤ የደም ሥርን ግን በኃይል አሰፋ። ተመራማሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ደም ግፊት አዞሩ። ከብዙ ዓይነት ውህዶች መካከል በ1963 የተሠራው ሚኖክሲዲል ተባለ።

መድኃኒቱ ለግፊት ሕሙማን በአፍ ሲሰጥ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ሕሙማኑ ባልለመዱት የሰውነት ክፍል ላይ ፀጉር አበቀሉ። እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ቦታ ያጣንለትን ወጪ «ልዩ ልዩ» በሚለው መስመር እንጽፋለን፤ ሐኪሞች ደግሞ «የጎንዮሽ ጉዳት» ይሉታል። ብዙ ሰው ያንን መስመር አይቶ ያልፈዋል። የቆዳ ሐኪሞቹ ጉንተር ካንና ፖል ግራንት ግን አላለፉትም። በ1971 መድኃኒቱን በፈሳሽ አዘጋጅተው በራሳቸው ቆዳ ላይ ሞከሩት። ከዚያ ከኩባንያው ጋር «የግኝቱ ባለቤት ማነው?» የሚል ክርክር ተነሳና ዓመታት ፈጀ።

ቆየት ብሎ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ጅራተ አጭር በሆነ የእስያ ጦጣ ላይ ሞከሩት። በዚህ ዝርያ ወንዱም ሴቷም ለአካለ መጠን ሲደርሱ ፀጉራቸው ከግንባራቸው ጀምሮ ይመለጣል። መድኃኒቱ ሲቀባቸው የኮሰመኑት የፀጉር ሥሮች መልሰው ተለቁ።

ልብ በሉ፤ በቤተ ሙከራው ሴቷም ነበረች። ጀርመናዊው ሐኪም ኤሪክ ሉድቪግም የሴቶችን ፀጉር መሳሳት በ1977 በሦስት ደረጃ ከፍሎ ጽፎ ነበር። ሆኖም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ 2 በመቶውን ፈሳሽ በ1988 የፈቀደው ለወንዶች ነው። ለሴቶች የተፈቀደው በ1991 ነው። በ1996 ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ሚኖክሲዲል ብቻውን አይሠራም፤ የራስ ቆዳችን ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሲለውጠው ነው ሥራ የሚጀምረው። ይህ ኢንዛይም በበቂ መጠን የሌላት ሴት ብትቀባውም ላይጠቅማት ይችላል። የሚሠራላትም ለውጥ ለማየት ቢያንስ አራት ወር ያስፈልጋታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ፀጉሯ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል። ስታቆመው የበቀለው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ እንደ ብረት ድስት አንዴ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ የሚከፈል ወጪ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ልትጠቀመው አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ምክንያቱን ማወቅ ይቀድማል። ከወሊድ በኋላ የሚረግፍ ፀጉር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ፀጉር ያረግፋሉ፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባም ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ይነቅላል፤ መፍትሔውም ቶሎ ማላላት ነው።

ያች እህታችን ማመልከቻዋን መልሳ ወሰደችና ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ጠይቃ ሌላ አስገባች፤ ለምርመራ ብቻ። ምርመራው የደም ማነስ እንዳለባት አሳየ። ዛሬ የታዘዘላትን የብረት እንክብል ጨርሳለች፤ ብድሩንም ከፍላለች። ፀጉሯ ገና ነው፤ ድካሟ ግን ለቋታል።

በመዝገቤ ላይ አሁንም «ለሕክምና» ተብሎ የሚጻፍ ብዙ ነው። እህቶቼ፣ ከዚያ ቃል ጀርባ ያለውን ሳታፍሩ ንገሩን። እነዚያ ሐኪሞች መድኃኒቱን ያገኙት ሰው የሚያልፈውን መስመር ቆም ብለው ስላነበቡ ነው። እኛም የእርስ በርሳችንን እንዲሁ እናንብብ።